«አገልግሎቱ ያልታወቀ» ማለት ያልተጠየቀ ማለት ነው

አንድ አሮጌ ዕቃ ከማሳ ሲወጣ ወይም ከሟች አያት ቤት ቆጥ ላይ ሲገኝ ሦስት ዓይነት ሰው ይሰበሰብበታል። አንዱ «ይህ የጥንት ነገሥታት ምሥጢር ነው» ይላል። ሁለተኛው «ቅርስ ነው፤ እንዳትነኩት» ብሎ ይቆልፍበታል። ሦስተኛው ቁራሌው ነው፤ ሚዛኑን አውጥቶ በኪሎ ስንት እንደሚከፍል ይናገራል። ከሦስቱ ለእውነት የቀረበው ቁራሌው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ቢያንስ ዕቃው ብረት መሆኑን በእጁ ይዞ አረጋግጧል። አራተኛው ሰው ግን አይጠራም። አራተኛው በዚያ ዕቃ የሠራ፣ ወይም እናቱ ስትሠራበት እያየ ያደገ ሰው ነው። ብዙ ጊዜ ርቆ የሚፈለግ አይደለም፤ እዚያው ሰፈር፣ ሁለት አጥር አልፎ ተቀምጧል።

ከዚያ ዕቃው መደርደሪያ ላይ ይወጣና «አገልግሎቱ ያልታወቀ» የሚል ወረቀት ይለጠፍበታል። ያላወቀው ማን ነው? ወረቀቱ አይናገርም። የጻፈው ሰው አለማወቅ የሀገር አለማወቅ ሆኖ ይቀራል።

በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ባለው ደጋ፣ ከጉና ግርጌ እስከ ጋይንትና እስቴ፣ ይህ ነገር በየቤቱ አለ። ክንድ የማይሞላ፣ ድቡልቡል፣ እንደ መስተዋት የለሰለሰ የብረት ዘንግ እንውሰድ። መያዣ የለውም፣ ጫፉ አልተሳለም፣ ቀዳዳም የለበትም። ለማያውቀው ሰው መሣሪያ ይመስላል፤ «የጦር ዘንግ ስባሪ» የሚልም አይጠፋም። ጥጥ ስትዳምጥ የኖረች አሮጊት ግን ገና ከሩቅ ስታየው ስሙን ትጠራዋለች፤ መዳመጫ ነው። ጥጡ ከነፍሬው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይደረጋል፣ ዘንጉ በላዩ ይንከባለላል፣ ፍሬው ወደፊት ተስፈንጥሮ ይወጣል፣ ንጹሁ ጥጥ ወደኋላ ይቀራል። ብረቱን ያለሰለሰው ፋብሪካ ሳይሆን የዓመታት ጥጥና የመዳፍ ወዝ ነው። ድንጋዩ ከዘንጉ ተለይቶ ከተገኘ ደግሞ ሌላ «ምሥጢር» ይወለዳል፤ አንዱ መሠዊያ ነው ይላል፣ ሌላው የመቃብር ክዳን። ሁለቱን አንድ ላይ ያየ ሰው ግን ለመገመት የሚደክምበት ምክንያት የለም።

ከመዳመጫው ቀጥሎ ደጋኑ ይመጣል። ጅማት የተወጠረበት ቀስት መሳይ እንጨት ነው፤ የሚነድፈው ግን ጥጥ ነው እንጂ ሰው አይደለም። ደጋን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ከጦርና ከጋሻ አጠገብ ከታየ የጀግና ቀስት ይሆናል። ከዚያም እንዝርቱ አለ፤ እንጨቱ ከበሰበሰ በኋላ መሀሉ የተበሳ ትንሽ ክብ ነገር ብቻ ይቀራል። የአንገት ጌጥ ነው ለማለት ይቸኮላል። ግን ቀጭን እንጨት ሰክቶ ማሾር ነው፤ ሳይንገዳገድ በእኩል ከሾረ ለመፍተል የተሠራ ነው። ጌጥ ሚዛን መጠበቅ አያስፈልገውም፤ እንዝርት ግን ያለ ሚዛን አይፈትልም።

ዕቃ ራሱ ይናገራል ማለት ይህ ነው። የት ላይ አለቀ? የት ላይ ለሰለሰ? የት ላይ ተቃጠለ? እንደ ኮርቻ ሰፊና ጎድጓዳ ሆኖ ያለቀ ድንጋይ ወፍጮ ነው፤ መጁ ወደፊትና ወደኋላ የተመላለሰበት። ጠባብና ጥልቅ ሆኖ የተቦረቦረው ሙቀጫ ነው፤ ዘነዘናው ወደታች የወረደበት። በጋይንት የአብነት ትምህርት ቤቶች፣ እነ ቤተልሔምና ዙር አምባ ባሉበት አገር፣ ጫፏ ሹል የሆነች ትንሽ ቀንድ ትገኛለች። መስታወት ውስጥ ብትቀመጥ መጠጫ ትመስላለች። ነገር ግን ያለ ድጋፍ መቆም የማትችል መጠጫ ምን ትጠቅማለች? ቀንዷ የቀለም ቀንድ ናት። ጸሐፊው መሬት ላይ ተቀምጦ ሲጽፍ ሹል ጫፏን አፈሩ ውስጥ ይተክላታል፣ ብርዑን እየነከረ ይቀጥላል። አንዷ ለጥቁሩ፣ አንዷ ለቀዩ። ሙዚየሙ ወለሉን ሲሚንቶ ስላደረገው ቀንዷ ምሥጢር ሆነች እንጂ፣ በአፈር ወለል ላይ ሆና ምንም ምሥጢር አልነበራትም።

ትልቁ ምሳሌ ግን ጋፋት ነው። ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ ያለው ይህ ቦታ በየትምህርት ቤቱ ይነገራል፤ ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን ሠራተኞችን ሰብስበው መድፍ ያሠሩበት ነው። ከባዝል አጠገብ ካለው የቅዱስ ክሪስኮና ሚስዮን ወንጌል ሊሰብኩ የመጡት እነ ዋልድማየር፣ ሳልሙለር፣ ቤንደርና ኪንዝለን፣ በኋላም ፖላንዳዊው ሞሪትስ ሆል፣ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን አስቀምጠው እሳት እንዲያነዱ ታዘዙ። መድፍ የማቅለጥ ሙያ ይዘው የመጡ አልነበሩም፤ የተማሩት እየሞከሩና እየከሸፈባቸው ነው። ከዚያ ሙከራ ሴባስቶፖል ወጣ፤ 7 ቶን ገደማ የሚመዝን። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ታቦርን አቃጥለው መድፉን በሰው ጉልበት እያስጎተቱ፣ መንገዱን እየጠረጉ፣ ግማሽ ዓመት ገደማ ተጉዘው መቅደላ አደረሱት። ዛሬም እዚያው አምባው ላይ ነው።

ይህን ሁሉ ማንም ያውቃል። ማንም የማይጠይቀው ሌላ ነው። ወናፉን ማን ነፋ? ከሰሉን ማን አከሰለ? ሸክላውን ማን አቡክቶ ማን ተኮሰ? ዋልድማየር የሕይወት ታሪኩን ጽፎ በ1886 እ.ኤ.አ. አሳትሟል፤ ኋላም ሊባኖስ ሄዶ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል መሥርቷል፤ ስሙ አልጠፋም። በጋፋት እሳት ዙሪያ የቆሙት የሀገሬው እጆች ግን ስም የላቸውም። ዕቃቸውም እንደዚያው። ወናፍ የፍየል ቆዳ ነው፣ ይበሰብሳል። የሚተርፈው ነፋሱ ወደ እሳቱ የሚገባበት የሸክላ አፍ ብቻ ነው። ይህ የሸክላ ቱቦ ከማሳ ሲወጣ «የጥንት የውኃ መስመር» ይባላል። ቱቦውን አገላብጦ ማየት ይበቃ ነበር፤ አንዱ ጫፉ ንጹሕ ሸክላ ነው፣ ሌላው ጫፉ ጠቁሮና ቀልጦ እንደ ጠርሙስ ያብለጨልጫል። ውኃ ሸክላ አያቀልጥም። በአጠገቡ ከባድ፣ ጥቁር፣ አረፋ የመሰለ ዝቃጭ ካለ ደግሞ ነገሩ አልቋል፤ እዚያ ቦታ ብረት ተሠርቷል። ለዚህ የሚያስፈልገው የውጭ ባለሙያ አይደለም፤ ቀጥቃጭ ነው። ቀጥቃጭ ደግሞ በየገበያው አለ።

ታዲያ ለምን አይጠየቅም? መልሱ ደስ አይልም። ቀጥቃጩ ስለተናቀ ነው።

በዚህ ደጋ ብረት የሚቀጠቅጠው ጠይብ፣ ሸማኔው ቁጢት በጣሽ፣ ቆዳ የሚያለፋው ፋቂ ሲባል ኖሯል። ቀጥቃጭ ቡዳ ነው፣ በሌሊት ጅብ ይሆናል ተብሏል። ማረሻውን ከእጁ ተቀብሎ የሚያርሰው ገበሬ፣ በምጣዷ እንጀራ የሚበላው ባላባት፣ ልጁን ለልጃቸው አይሰጥም ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መሳደብን በአዋጅ እስኪከለክሉ የደረሱት ነገሩ ቀላል ስላልነበረ ነው። አዋጁ ወጣ፤ ስድቡ ከአደባባይ ወደ ጓዳ ገባ እንጂ አልሞተም። የሚጽፈው እጅ የሚቀጠቅጠውን እጅ ንቆ ስለኖረም ብራናው የነገሥታትን ዘመቻና የቅዱሳንን ገድል ሞልቶ ስለ ጉጠትና ስለ መስፍ ዝም አለ። የዛሬው ምሁር ዲግሪውን ይዞ ሲመጣ የወረሰው ይህን ዝምታ ነው። ቤተ መጻሕፍት ገብቶ ሲያጣው «መረጃ የለም» ይላል። መረጃው ገበያ ዳር ከሰል እያነደደ ነው፤ ወርዶ አጠገቡ በርጩማ ስቦ መቀመጥ ግን ክብሩን የሚቀንስ ይመስለዋል።

ይህ ንቀት ዋጋ አስከፍሏል፣ ዋጋውም ሊቆጠር ይችላል። በጎንደር ዙሪያ ብረቱንና ሸክላውን ከያዙት መካከል ዋነኞቹ ቤተ እስራኤላውያን ነበሩ። በ1977 ዓ.ም. ዘመቻ ሙሴ፣ በግንቦት 1983 ደግሞ ዘመቻ ሰለሞን ወሰዷቸው፤ በሁለተኛው ብቻ በ36 ሰዓት ገደማ ከ14,000 በላይ ሰው በአውሮፕላን ሄዷል። ሄዱ ብሎ መውቀስ አይገባም፤ ቡዳ እየተባለ የኖረ ሰው መንገድ ሲያገኝ ይሄዳል። ጥያቄው የቀረው ሰው ከመሄዳቸው በፊት ምን ጠየቃቸው የሚለው ነው። ወለቃ ላይ ቱሪስት የገዛቸው የሸክላ አሻንጉሊቶች ዝነኛ ሆኑ። የመቶ ዓመት ማሰሮ፣ ጋንና ምጣድ የሠሩት እጆች ጭቃውን ከየት እንደሚያመጡ፣ ከምን ጋር እንደሚያቦኩት፣ በምን እንደሚያለሰልሱት ግን የጠየቀ ጥቂት ነው። ከጣና ዳር ያሉት ወይጦዎችም እንዲሁ ናቸው፤ ስማቸው ሲነሳ ታንኳው ይነሳል፣ ጉማሬው ይነሳል። ወፍጮ ድንጋይ ጠርበው የአካባቢውን ሰው ያበሉ መሆናቸው ግን እንደ ሙያ አይቆጠርላቸውም።

ስለ መቅደላ ሲወራ ደግሞ ሌላ ድራማ አለ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በትንሣኤ ማግስት፣ የእንግሊዝ ጦር አምባውን ሲይዝ የብሪትሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆምስ አብሮ ነበር። ዘውዱ፣ ጽዋው፣ ታቦታቱ፣ ወደ 350 የሚጠጉ ብራናዎች ለንደን ገቡ። ይመለሱ የሚለው ጥያቄ ትክክል ነው፤ ታቦት ሰው በማያየው ክፍል ቆልፎ ማስቀመጥ ምን ዓይነት ሙዚየምነት እንደሆነ እንግሊዞቹ ራሳቸው ማስረዳት አይችሉም። ነገር ግን የዘራፊው ዓይን የሄደው ወደ ወርቅና ወደ ብራና ነው። የጋፋትን ጉጠት፣ የጋይንትን መዳመጫ፣ የእስቴን ደጋን ማንም በዝሆን ጭኖ አልወሰደም። እነሱ እዚሁ ቀሩ። የጠፉትም እዚሁ ነው፤ በገዛ ልጆቻቸው እጅ። «በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» ይባላል፤ እዚህ መዳቡም እንደ ቆርቆሮ ተቆጥሯል። የለንደኑን ዕቃ ለማስመለስ ሰልፍ የሚወጣ ሰው፣ የእናቱን መዳመጫ ለቁራሌ ሲሸጥ ሕሊናው አይቆረቁረውም።

በዚህ ላይ የምሥጢር ነጋዴዎች አሉ። አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የሴባስቶፖል አምሳያ ቆሟል፤ ቸርችል ጎዳናን ይዞ ወደታች ሲወረድ ደግሞ የባህል ዕቃ መደብሮች አሉ። መደርደሪያው ላይ ያለው አሮጌ እንጨት ምን ይሠራ እንደነበር የጠየቀ ሰው «አንቲክ ነው» የሚል መልስ ያገኛል። አንቲክ የሥራ ስም ሆኗል ማለት ነው። ሌላው ነጋዴ ዕቃ አይሸጥም፤ ታሪክ ነው የሚሸጠው። ቀዳዳ ያለው ድንጋይ ሁሉ የከዋክብት መመልከቻ፣ ክብ ብረት ሁሉ የጠፋ ሥልጣኔ ማሽን ይሆንለታል። ይህ ሀገር ወዳድነት ይመስላል፤ ሲገለጥ ግን ያው የድሮው ንቀት ነው። አያቱ በገዛ አእምሮዋ የፈለሰፈችውን የጥጥ መሣሪያ ለማድነቅ ስለማይችል፣ የንጉሥ ወይም የመልአክ ካላደረገው አይከብርለትም። ያለ ጥርስ፣ ያለ መንኮራኩር፣ በአንድ ዘንግና በአንድ ድንጋይ ፍሬን ከጥጥ መለየት በቂ ብልሃት አይደለም ወይ?

መንግሥት በበኩሉ ሕግ አለው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ እንዲመዘገብ ያዝዛል። ነገር ግን ምዝገባ ማለት ርዝመትና ክብደት መጻፍ ብቻ ከሆነ ከቁራሌው ሚዛን በምን ይሻላል? ስሙ በአካባቢው ምን እንደሆነ፣ ማን እንደተናገረ፣ በምን ላይ እንደሚሠራ፣ ሲሠራ ምን ድምፅ እንዳለው ያልተጻፈበት መዝገብ የዕቃ ቆጠራ ነው። በዚህ ሀገር ሌላ ዓይነት አሠራር የለም ለማለት አይደለም። ስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ዕቃውን ከልደት እስከ ሞት በሰው ሕይወት ቅደም ተከተል አስቀምጦታል፤ ተመልካቹ ዕቃውን ከሰው ጋር ያያል። የከሣቴ ብርሃን ተሰማና የደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላትም አሉ፤ አንዱ በ1951፣ አንዱ በ1962 ዓ.ም. የታተሙ። ብዙ የዕቃ ስሞች ዛሬ የሚገኙት እነዚህ ሁለት ሰዎች ቃል መልቀም ስላልታከታቸው ነው። ከዚያ ወዲህ የተመረቀው ተማሪ ቁጥር በዝቷል፤ የተለቀመው ቃል ግን የዚያን ያህል አልበዛም።

«ሕዝብ በጦርነት መሀል ሆኖ ስለ ወናፍና ስለ እንዝርት ይወራል ወይ?» የሚል አይጠፋም። በነሐሴ 2013 ጦርነቱ ጋይንትን አልፎ ደብረ ታቦር ላይ ከባድ መሣሪያ እስኪወድቅ ድረስ ቀርቦ ነበር። ከ2015 ማብቂያ ወዲህ ደግሞ ክልሉ ሌላ ግጭት ውስጥ ነው። ቅሬታው ክብደት አለው፤ ዳቦ ያጣ ሰው ዘንድ መዝገብ ይዞ መሄድ ነውር ነው። ግን ጦርነት አንድ ነገር ያሳያል። መብራት ሲጠፋና ናፍጣ ሲጠፋ የከተማው ወፍጮ ቤት ይዘጋል፤ ያን ጊዜ የሚፈለገው ድንጋዩና መጁ ነው። ድንጋዩ ከበር ሥር መረገጫ ሆኖ ተገኝቶ ይሆናል፣ ይነሳል። የለሰለሰ ወፍጮ ግን አይፈጭም፤ መወቀር አለበት። በምን ይወቀራል? ምን ያህል ጥልቀት? ጤፍና ገብስ አንድ ዓይነት ውቅር ይፈልጋሉ? ይህን የምታውቀው ሴት በሕይወት ካለች ቤቱ ይበላል። ጦርነት ደግሞ ቀድሞ የሚያፈናቅለውና የሚገድለው ሽማግሌውንና አሮጊቷን ነው። ስለዚህ «አሁን ጊዜው አይደለም» የሚለው ክርክር ተገልብጦ መነበብ አለበት።

ሌላው ክርክር የበለጠ ተንኮለኛ ነው፤ «ገበሬው ራሱ ያውቀዋል፤ መጻፍ ምን ያስፈልጋል?» የሚለው። ገበሬው ሞፈርና ቀንበርን፣ ወገልና ድግርን፣ ምራንና ማነቆን ያውቃል፤ ዛሬም ያርስባቸዋልና። መዳመጫን ግን የገበሬው ልጅ አያውቅም። የተፈተለ ክርና የተሰፋ ልብስ ከገበያ ከመጣ ሁለት ትውልድ ሊሆነው ነው። ዕውቀት በአንድ ትውልድ ውስጥ ያልቃል፤ ዕቃው ግን መቶ ዓመት ይቆያል። የጋፋትን ስም የያዘው ቋንቋ ራሱ ምስክር ነው። ቮልፍ ሌስላው የጋፋትኛን ቃላት ለመመዝገብ በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ሲመጣ ቋንቋውን የሚናገሩ ያገኘው በጣት የሚቆጠሩ ሽማግሌዎችን ነው። እነሱን ባያገኝ ዛሬ ስሙ ብቻ ነበር የሚቀረው። ጠያቂ በመጨረሻዋ ሰዓት ስለደረሰ ቢያንስ ሰዋስው ተረፈ። ለመዳመጫና ለወናፍ የሚመጣው ሌስላው ማን ነው?

ሊሆን የሚችለው ደብረ ታቦር ውስጥ ዩኒቨርሲቲ የሚማር የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነው። ለመመረቂያ ጽሑፉ «የማኅበራዊ ሚዲያ ተጽዕኖ በወጣቶች ላይ» የሚል ርዕስ ለአሥራ ሰባተኛ ጊዜ ከሚደግም፣ ለአንድ ወር የእናቱን ቀበሌ ዞሮ ሃያ ዕቃ በስልኩ ቪዲዮ ቢቀርጽ ሀገር ይጠቀማል። ቆሞ የተነሳ ፎቶ አይበቃም፤ ዕቃው ሲሠራ መታየት አለበት። አሮጊቷ ዘንጉን ስታንከባልል የትኛው መዳፏ እንደሚጫን፣ ጥጡን በየት በኩል እንደምታጎርስ በቃል የሚነገር አይደለም፤ እጇ ያውቀዋል፣ እሷ ግን ተናገሪ ብትባል አትችልም። ዩኒቨርሲቲው ይህን ለመቀበል አዲስ ሕንፃ አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው ቀጥቃጭን በስም ጠቅሶ እንደ ምንጭ የሚቀበል አማካሪ መምህር ነው። የፕሮፌሰር ስም ካልተጠቀሰ ጽሑፉ ጎደሎ ነው የሚል መምህር እስካለ ድረስ ተማሪው ተመልሶ ወደ ማኅበራዊ ሚዲያው ይሄዳል።

በግንቦት 1983 ሠላሳ ዓመት ሞልቶት በአውሮፕላን የሄደ ቀጥቃጭ ዛሬ ስድሳ አምስት ዓመት ገደማ ይሆነዋል፤ እሱን ያስተማሩት ደግሞ ጥቂት ቀርተዋል፣ በእስራኤል ከተሞች የልጅ ልጆቻቸውን ዕብራይስጥ እየሰሙ ተቀምጠዋል። ከእነሱ ጋር በስልክ የሚገናኙ ዘመዶችና የቀድሞ ጎረቤቶች በጎንደር ዛሬም አሉ። ከማሳ የወጣውን የሸክላ ቱቦ ሁለቱንም ጫፍ ፎቶ አንስቶ መላክ፣ ቆዳው በየት በኩል ይታሰር እንደነበር መጠየቅ፣ መልሱን በራሳቸው ድምፅ መቅዳት የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው። ወደ ጎረቤት ያሉት እማማ ዘንድ ለመሄድ ደግሞ ስልክም አያስፈልግም፤ ዘንጉን ይዞ ገብቶ «እማማ፣ ይህ በቤትዎ ምን ይባል ነበር?» ማለት ይበቃል።